ሃያ ቀኝ እግር

የመቁረጫ ማሽኑ ቢላ የጨርቁን ቁልል እየሰነጠቀ የጉልበቱ መስመር ላይ ሲደርስ፣ በሽርጧ ኪስ ያለው ስልክ ለሦስተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ቆራጯ አላነሳችውም። ማሽን በእጅ እያለ ስልክ አይነሳም፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አንድም ቀን ጥሳው የማታውቀው ደንቧ ነው። ቢላውን በቀስታ አዙራ የሱሪውን እግር እስከ ታችኛው ጠርዝ ቆርጣ ጨረሰችና ማሽኑን አጠፋች። አርባ ንብርብር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ የትምህርት ቤት ሱሪ። ከላይ በተጫነው የካርቶን ንድፍ ላይ፣ ከመካከል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በራሷ እጅ የተጻፈ «ጉልበት» የሚል ቃል አለ። ለዓመታት አይታዋለች። ከትናንት ወዲህ ግን ባየችው ቁጥር አንድ ሰው ከኋላዋ የጠራት ይመስላታል።

ስልኩን አወጣች። ታላቅ ወንድሟ ነው።

«አቤት ወንድምዓለም።»

«ምነው ስልክ አታነሺም? እኔ'ኮ ልቤ ቀጥ አለ!»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ስሚኝ፣ ክሊኒኩ ጋ ለአሥር ሰዓት ቀጠሮ አስይዣለሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጅቷን ይዤ በሩ ላይ ነኝ። ሰውየው ዛሬ ካላየኋት እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታ የለኝም ብሏል።»

«የሐኪም ቤቱ አልጋ እኮ ለነገ ጠዋት ነው።»

«ለዚያ ነዋ ዛሬ የምንቀድመው! ኬሞ አንዴ ከተጀመረ መርፌውን አይሰጥም። ወይ ያ ነው ወይ ይሄ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ እሺ በይኝ።»

«እሺ» አለች።

እሺ ያለችው ምኑን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። ስልኩን ወደ ኪሷ መልሳ፣ የተቆረጠውን ቁልል በጨርቅ ቁራጭ አስራ፣ ወደ ሰፊዎቹ ጠረጴዛ ገፋችው።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ፣ በቁመቷ ምክንያት «ሸንበቆዬ» የምትላት፣ ኳስ ስትጫወት ወደቀች። ከቀኝ ጉልበቷ ከፍ ብሎ አመማት። ቅባት ተቀባች፤ ታሸች፤ የሚያድግ ልጅ ያመዋል ተባለ። ከዚያ አመመኝ ማለቷን ተወች፤ የዳነች መሰላቸው። ለካስ ሱሪ ትታ ሰፊ ቀሚስ መልበስ የጀመረችው እብጠቱን ልትሸፍን ኖሯል። የማንንም ሰው ወገብና ዳሌ በዓይኗ ለክታ የማትስት እናት፣ የገዛ ልጇን ቀሚስ ሳትጠይቅ አለፈችው። በኋላ የራጅ ፎቶ ተነሳ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ትናንት ውጤቱ መጣ። የአጥንት ካንሰር።

ዶክተሯ ገና ወጣት ናት። በወረቀት ጀርባ ላይ አጥንት ሥላ፣ በመካከሉ ትናንሽ ክቦች ጨምራ፣ ስማቸውንም ጽፋ ነበር ያስረዳቻት።

«መቅኒው ውስጥ ስቴም ሴል የሚባሉ አሉ። እናት ሴሎች ይበሏቸው። ሥራቸው መከፋፈልና ሌላ ነገር መሆን ነው፤ አንዱ አጥንት ይሆናል፣ አንዱ ልም አጥንት፣ አንዱ ስብ። የልጅ አጥንት የሚያድገው በነሱ ነው። ይሄ በሽታ ደግሞ፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚያስቡት፣ የሚጀምረው ከነሱ፣ ወይም ከነሱ ወጥቶ አጥንት ወደ መሆን መንገድ ከጀመረ ሴል ነው። አጥንት መሆኑን ሳይጨርስ መከፋፈሉን ብቻ ይቀጥላል።»

ቆራጯ ራሷን ነቀነቀች፤ የገባት ግን ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ልጅ የሚያድገው በነሱ ነው። በሽታውም የመጣው ከነሱ ነው። በዚህ አንድ ዓመት የልጅቷን ሱሪ ሦስት ጊዜ አስረዝማለች። «ኧረ ጨርቅ አልበቃ አለኝ!» እያለች በሥራ ቦታ ስትመጻደቅ ከርማለች።

ማታውኑ ወንድሟ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። አንድ ሽማግሌ እየሳቀ ደረጃ ሲወጣ የሚያሳይ፣ የሚያብረቀርቅ የክሊኒክ ማስታወቂያ። «ስቴም ሴል፦ አጥንትዎን ከውስጥ የሚያድስ» ይላል። ዳቦ የሚያደርስለት የአንድ ሱቅ ባለቤት በዚህ መርፌ ጉልበቱ ድኖ ዛሬ ጆንያ ተሸክሞ ይሮጣል አሉ። «ለዚህ ሰው ከሠራ ለልጅ አጥንት እንዴት አይሠራም?» አለ ወንድሟ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለፈውም እዚያው ሐኪም ቤት እሺ ብለሽ አስረክበሽ…» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ አልጨረሰውም።

አሁን ሁለቱ ወረቀቶች በቦርሳዋ ውስጥ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ላይ ያው ቃል አለ። አንዱ ላይ ሌባው ነው፤ ሌላው ላይ ፖሊሱ። መላልሳ አነበበቻቸው። ቃሉ ያው ነው።

በምሳ ሰዓት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች። ሐኪም ቤቱ በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ነው። የልጆች ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። በደረጃ ወጥታ ሦስተኛው ላይ ቆመች፤ ከዚያ በላይ ወደሚወስደው ደረጃ ቀና አላለችም። ከሦስት ዓመት በፊት ባሏ አራተኛ ፎቅ ገብቶ አልወጣም።

ዶክተሯ በኮሪደሩ መስኮት አጠገብ ቆማ ዳቦ እየበላች ነበር። ስታያት ዳቦውን በወረቀት ጠቀለለችው።

«ይብሉ፣ ዶክተር፣ ይብሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ።»

«ትናንትም አንድ ብለው አሥራ አንድ ጠየቁኝ» አለች ዶክተሯ ፈገግ ብላ። «ይጠይቁ።»

ቆራጯ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ዘረጋችላት። «ይሄ የሚለውና እርስዎ የሚሉት አንድ ነው?»

ዶክተሯ አነበበችው። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ስሙ አንድ ነው። ይሄን የሚሰጡት ጉልበቱ ላለቀ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። ለልጅዎ ግን አይሆንም።»

«እናት ሴሎቹ አጥንት ይሠራሉ አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«በሽታውም ከነሱ ነው አላሉኝም?»

«ሳይሆን አይቀርም ብያለሁ።»

«ታዲያ የኔ እመቤት፣ ጥሩዎች ናቸው መጥፎዎች? አንዱን ይበሉኝና ልረፍ።»

«ሠራተኞች ናቸው። ጥሩም መጥፎም አይደሉም። ዕጢ ባለበት ቦታ ግን ጤነኞቹም ሳይቀሩ ተሳስተው ዕጢውን የሚያግዙ ይመስላል፤ እንደዚያ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ዕጢው ውስጥም ራሳቸውን እንደ እናት የሚያደርጉ ጥቂት ሴሎች አሉ ይባላል። እነሱ ከተረፉ በሽታው ይመለሳል። መጀመሪያ ኬሞ፣ ቀጥሎ ቀዶ ጥገና፣ እንደገና ኬሞ የምንለው የተደበቀ እንዳይተርፍ ነው።»

«ይመስላል፤ ይባላል፤ ሳይሆን አይቀርም…» የቆራጯ ድምፅ ከፍ አለ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ። «የሚታወቀው የቱ ነው?»

«ዕጢው እንዳለ ይታወቃል። ወደ ሳንባዋ ሄዶ አላየንም። በዚህ መንገድ የታከሙ ብዙ ልጆች ድነዋል። ሁሉም አይደሉም፤ ብዙዎች።»

«እግሯስ?»

«የምናስቀድመው እሷን ነው። እግሯንም ለማትረፍ እንሞክራለን። እርግጡን ግን አላውቅም።»

ቆራጯ መስኮቱን ያዘች። «እኔ ነኝ እኮ። ወተት ጠጪ፣ ብይ፣ እደጊ እያልኩ…»

«እርስዎ ምንም አላደረጉም» አለች ዶክተሯ፤ አሁን ድምፅዋ እርግጠኛ ነበር። «መውደቋም አይደለም፤ የጠጣችው ወተትም አይደለም። ይሄን አውቃለሁ።»

ስትመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ስለ እናት ሴሎቹ እያሰበች ፌርማታዋን አለፈችና የአንድ ፌርማታ መንገድ በእግሯ ተመለሰች። ሠራተኞች ናቸው አለች ዶክተሯ። ሠራተኛ ግን የሚያዘው አለ። ያዘዛቸው ማን ነው? እዚያ ላይ ስትደርስ ሐሳቧ እንደ ክር ይበጠሳል፤ ደግማ ከመጀመሪያው ትቀጥለዋለች፤ ደግሞ ይበጠሳል።

የስፌት ቤቱን በር ስትገፋ ሳቅ ተቀበላት። ቁልፍ ሰፊዋ፣ የቤቱ አፍ የምትባለው ወፍራም ሴት፣ የሱሪ እግሮች በሁለት እጇ አንጠልጥላ ቆማለች።

«መጣች! ነይ እስቲ ንገሪን፣ ይሄ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ባለ አንድ እግሮችን ብቻ ነው እንዴ?»

ሰፊዎቹ እንደገና ሳቁ። ቆራጯ ባለችበት ቆመች። ለማንም አልተናገረችም፤ በዚህ ቤት ስለ ልጇ የሚያውቅ የለም።

«ምን… ምን አልሽ?»

«ሁሉም ግራ ነው ያልኩት! አርባ ግራ እግር! ቀኙን ማን ይቆርጠዋል፣ አማቼ?»

ቆራጯ ቁልሉን ፈታች። እውነት ነው። ይህ ጨርቅ ፊቱ ወዝ አለው፤ ጀርባው ፈዛዛ ነው። ሲነጠፍ አንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ያለው ፊቱን ወደ ታች እየሆነ ይደረደራል፤ ያኔ አንድ ንድፍ ሃያ ግራና ሃያ ቀኝ ይሰጣል። እሷ ጠዋት አርባውንም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋ ነበር የደረደረችው። ጀማሪ እንኳ አንዴ ከተሳሳተ ሁለተኛ የማይሳሳተው ስህተት ነው።

«አሁኑኑ እቆርጣለሁ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ጨርቅ አለ። ወዲያው ነው የምደርሰው።»

ጥቅሉን አንከባልላ ማንጠፍ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እጇ ከሐሳቧ ፈጠነ። ሃያ ሲሞላ ንድፉን አንስታ ጣለችበት፤ ማሽኑንም አስነሳች። ቢላው ጨርቁን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው፣ ከጎኗ የተሸበሸበ እጅ መጥቶ ቁልፉን አጠፋው።

የስፌት ቤቱ ኃላፊ ናቸው። በአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ሥራ ስለሚመልሱ ከኋላቸው «ሚሊሜትር» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቀኙን ልቆርጥ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው የላይኛውን ጨርቅ ጫፍ በሁለት ጣታቸው አሹት። የሁለተኛውንም። የሦስተኛውንም። «ፊት። ፊት። ፊት።» ንድፉን አዩት፤ አልተገለበጠም። «ሌላ ሃያ ግራ ነው ልትሰጪኝ የነበረው።»

ቆራጯ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጨርቁ ጤነኛ ነው» አሉ ሚሊሜትር፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ። «ቢላውም ጤነኛ ነው። ንድፉም ትክክል ነው። መዞር የነበረበት ሳይዞር ቀርቶ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የመጀመሪያው ነገር ምንድን ነው? ጨርቅ አለመጨመር! ስህተቱ ባለበት ላይ ጥሩ ጨርቅ ብትጨምሪ፣ ጥሩው ጨርቅ ስህተቱን ነው የሚያበዛልሽ። ቁሚ። እዪ። ከዚያ ጀምሪ።»

ቆራጯ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌው የተናገሩት ስለ ሱሪ ነው። እሷ ግን የዶክተሯን ክቦች አየች፤ መዞር የነበረበት ሳይዞር የቀረ፣ ግን መብዛቱን ያላቆመ። አጠገቡም ጤነኞቹ፣ ንድፉ ትክክል መስሏቸው ሲያግዙት። ነገሩ ሁሉ ገባኝ አላለችም። ያዘዛቸውን አሁንም አላወቀችም። አንድ ጠርዙ ብቻ ነው የታያት፤ እሱም እንዳይጠፋባት ዝም ብላ ያዘችው።

«ጋሼ» አለች። «ልጄ ታማለች።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሱ።

«የቷ ልጅ? ረጅሟ?»

«አዎ። እግሯን ነው።» ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቁልፍ ሰፊዋ በእጇ የያዘቻቸውን ሁለት ግራዎች ቀስ ብላ አጥፋ ከጀርባዋ ደበቀቻቸው።

ቆራጯ ተነሥታ የነጠፈችውን ጨርቅ አነሳች፤ እንደገና ነጠፈችው፤ አሁን ሃያውንም ፊታቸውን ወደ ታች። እያንዳንዱን በጣቷ እያሸች። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሃያ ቀኝ እግር ተቆርጦ ታሰረ። ሃያ ግራ ትርፍ ቀረ።

ዘጠኝ ተኩል ሲል የወንድሟ የዳቦ መኪና በር ላይ አንዴ ጡሩምባ ነፋ። እሷ ሳትወጣ ስትቀር እሱ ልጅቷን ደግፎ ገባ። ሸንበቆ በሰፊ ቀሚሷ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ ለሁሉም አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠች።

«ገና ሽርጥ ላይ ነሽ? ሰዓቱ ደርሷል እኮ!» አለ ወንድሟ።

«አንሄድም፣ ወንድምዓለም።»

«ምን?»

«ክሊኒኩ አንሄድም። ነገ ሐኪም ቤት ነው የምትገባው።»

ወንድሟ ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ጠዋት እሺ ብለሽኝ?»

«ጠዋት ያልኩትን አላውቀውም።»

«ምንድን ነው የገባሽ እስቲ? ለኔም አስረጂኝ!»

«ብዙ አልገባኝም። በሽታው ከነዚያ ሴሎች ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አንተ የምትለው ደግሞ እነሱኑ ጨምሪበት ነው። እኔ ባልገባኝ ነገር ላይ አልጨምርም።»

«ዶክተሯ ታድናታለች?»

«አላውቅም አለችኝ።»

«እኮ! ሰውየው ግን በእርግጠኝነት አድናታለሁ አለ!»

«እሱ ሳያያት ነው ያለው።»

ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረው። የእህቱን ባል በሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ከዚያ ግቢ የወጣው እሱ ነው፤ ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ቆራጯ ታውቃለች። ስለዚህ አልተቆጣችውም።

«እኔን የሚጠይቀኝ የለም እንዴ?» አለች ሸንበቆ። «እግሩ እኮ የኔ ነው።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ትናንት ዶክተሯ ስትናገር በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ» አለች ልጅቷ። «እነዚያ ሴሎች ከውጪ የገቡ ናቸው ብዬ ነበር። የኔው ናቸው አይደል? እማ፣ ታዲያ እኔን የምታመኝ እኔው ነኝ?»

እናቷ የዶክተሯን ወረቀት አስታወሰች፤ ከዚያ ላይ የሚነበብ መልስ አልነበረም። «አላውቅም፣ ሸንበቆዬ። ግን አጥፍተሽ አይደለም። ይሄን ብቻ አውቃለሁ።»

«እንዲህ ከሆነ የምታውቀውን ያህል ብቻ የምትነግረኝ ዶክተር ትሻለኛለች» አለች ልጅቷ። «ያ ወረቀት ላይ የሚስቀው ሽማግሌ ደግሞ ጥርሱ የራሱ አይደለም።»

ቁልፍ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ወንድሟ ግን አልሳቀም።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት ሰዓት።»

«ዳቦውን ቀድሜ አድርሼ አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ነኝ። በአውቶቡስ እንዳትወስጃት።» ይህን ብሎ መኪናው ጋ ሊጠብቃቸው ወጣ።

ቆራጯ ከትርፎቹ ግራ እግሮች አንዱን መዘዘች። የትልቁ ቁጥር ነው፤ ለልጅቷ ይሆናል። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

«ነይ ቁሚ። ሱሪ ልሰፋልሽ ነው።»

«ለሐኪም ቤት? እማ፣ ቀሚሱ ይሻላል።»

«ቁሚ አልኩሽ።»

በዚህ ሙያ የሚለካው አንድ እግር ነው፤ ሌላው ያው ነው ተብሎ ይታለፋል። እሷም ግራውን ለካች። ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ የጭኑን ዙሪያ፣ ከዚያ ከጉልበት ከፍ ብሎ። ሠላሳ ስምንት። ጻፈች። ከዚያ ተንበርክካ ወደ ቀኙ ዞረች።

«እሱን ዝለይው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «በግራው ልክ አድርጊው።»

እናቷ አልተነሣችም፤ ሜትሩን ይዛ ጠበቀች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሸንበቆ ራሷ ቀሚሷን ከፍ አደረገች። እብጠቱ ይሞቃል። ቆራጯ ሜትሩን ሳታጠብቅ፣ ሳታላላም አዞረችው፤ ቁጥሩንም ልጅቷ እንድትሰማው ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው።

«አርባ አምስት።»

ከሠላሳ ስምንቱ ጎን ጻፈችው። ከዚያ ጥቅሉን አንከባልላ አንድ ጨርቅ ብቻ ነጠፈች፤ ፊቱን በጣቷ አሽታ ወደ ታች ገለበጠችው። ሐኪሞቹ ሳያስወልቋት እንዲያዩት ከወገብ እስከ ታች በጎኑ በቁልፍ የሚከፈት እንዲሆን፣ በቀኙ ልክ ላይ ሁለት ጣት ጨምራ በጠመኔ መሳል ጀመረች። ቁልፍ ሰፊዋ ሳትጠራ መጥታ አሥራ ሁለት ቁልፎች ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠች።